ርእሰ አንቀጽ፦ ፎቁ ሲነሣ ነዋሪው ወዴት ይሄዳል?

ባለፈው ሳምንት ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ከሚወዳደሩት ዕጩዎች አንዱ ወደ ማኅበራችን አዳራሽ መጥተው ስለ ከተማይቱ የቤት ጉዳይ ንግግር አድርገውልናል። አዳራሹ ሞልቶ መቀመጫ ያጡ ተማሪዎች ቆመው ሰምተዋል። ንግግሩ ካበቃ በኋላም ክርክሩ ወደ ምግብ ቤትና ወደ መኝታ ክፍሎች ተሻግሮ እስከ ዛሬ አልበረደም። የዕጩውን ስምም ሆነ የፓርቲያቸውን ስም እዚህ አንጠቅስም። ምክንያቱም የተናገሩት ሐሳብ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ከተማይቱን ላስተዳድር ከሚሉ ከብዙ ሰዎች የምንሰማው ነው። የምንመረምረውም ሐሳቡን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

የከተማ ምክር ቤት ምርጫን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ አንባቢ ቢኖር የምክር ቤቱን ሥልጣን ያስታውስ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የአዲስ አበባ ቻርተር መሠረት ምክር ቤቱ በነዋሪው የሚመረጥ ነው፤ ከንቲባውን ከመካከሉ የሚመርጥ፥ በጀቱንም ሆነ የከተማይቱን ማስተር ፕላን የሚያጸድቅ እሱ ነው። የትኛው ሰፈር እንዲቆይ፥ የትኛው እንዲፈርስ፥ ፎቅ የት እንዲነሣ የሚያመለክተው ፕላን በዚያ ቤት በኩል ያልፋል። ስለዚህ እዚያ ቤት የሚገባ ሰው ስለ ቤት የሚያስበው ነገር የሁላችንንም ኑሮ ይነካል።

ዕጩው ያሉትን ሳናጣምም እናቅርብ። ነጥቦቻቸው ሦስት ነበሩ። አንደኛ፥ አዲስ አበባ ወደ ጎን መስፋቷን ማቆም አለባት፤ መሬት አያልቅም ብሎ ዙሪያውን መያዝ ጎረቤትን ገበሬ ማፈናቀል ነው፤ ስለዚህ ከተማይቱ ወደ ላይ ትደግ። ሁለተኛ፥ በመካከለኛው ከተማ ያሉት ሰፈሮች ያረጁና ምድር ላይ የተኙ ናቸው፤ ውድ የሆነውን መሬት ይዘው ከሚቀመጡ ለባለሀብት ተሰጥተው ረጃጅም ሕንፃ ይሠራባቸው። ሦስተኛ፥ በዚያ የሚኖሩት ሰዎች ከከተማይቱ ዳር ንጹሕ ቤት ተሰጥቷቸው ቢዛወሩ የሚጠቀሙ እንጂ የሚጎዱ አይደሉም።

በመጀመሪያው ነጥብ እንስማማለን፤ ስምምነታችንም ለይሉኝታ አይደለም። ከተማ ወደ ጎን በተዘረጋች ቁጥር የውኃ ቧንቧው፥ የኤሌክትሪክ መስመሩና የፍሳሽ መውረጃው ይረዝማል፤ የሚጠየቀውም ወጪ በአንድ ቤተሰብ ሲካፈል ይከብዳል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የገበሬው ዕጣ ነው። በካሳ መልክ የተቀበለው ገንዘብ ካለቀ በኋላ በገዛ እርሻው ላይ በቆመ ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ መቀጠርን የምናውቀው ከወሬ አይደለም፤ ከመካከላችን የእንዲህ ያሉ ገበሬዎች ልጆች አሉ። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሲነገር በኦሮሚያ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ተቃውሞ ተነሣ። በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው እንደገና ተቀጣጥሎ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ፕላኑም በዚያው ዓመት በጥር ወር ተሰረዘ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ተቃውሞው ተመለሰ። ይህን ያየ ሰው ከተማይቱ ወደ ጎን ትስፋ ብሎ ሊናገር አይችልም።

የምንለያየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነጥብ ነው። ልዩነታችንም ከአንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «ጥግግት» ሲባል የሚቆጠረው ፎቅ ነው ወይስ ሰው?

ዕጩው በንግግራቸው ሁሉ የቆጠሩት ፎቅ ነበር። ባለ አንድ ምድር ቤቶች ያሉበት ሰፈር ለእሳቸው ባዶ መሬት ያህል ነው። ነገር ግን ወደ አንዱ አሮጌ ግቢ ገብቶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው በአንድ በር ገብተው የሚኖሩት አባወራዎች ብዙ ናቸው። ማድ ቤቱ የጋራ፥ ሽንት ቤቱ የጋራ፥ የውኃ ቧንቧው የጋራ ነው። አንዷ ክፍል በመጋረጃ ተከፍላ ከፊት እናትና አባት፥ ከኋላ ልጆች ይተኛሉ፤ በጓሮ በኩል በቆርቆሮ ተቀጥላ የተሠራች ክፍል ደግሞ ለደባል ተከራይታለች። ሰፈሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። በከተማይቱ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው።

በምሳሌ እናስላው። አንድ ሺህ ካሬ ሜትር የሆነ ግቢ አለ እንበል፤ በውስጡ 20 አባወራ፥ በእያንዳንዱም 5 ሰው ቢኖር 100 ነፍስ ይሆናል። ግቢው ፈርሶ ባለ 12 ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ቢቆም ፎቁ በዝቷል፤ ማታ በዚያ የሚያድረው ግን ዘበኛው ብቻ ነው። መቶው ሰው የት ሄደ? ወደ ከተማይቱ ዳር። በዳር ያለው መሬት የማን ነበር? የገበሬው። እንግዲህ ዕጩው በመጀመሪያው ነጥብ የዘጉትን በር በሦስተኛው ነጥብ ራሳቸው ከፈቱት ማለት ነው። ከመካከል የወጣ ሰው አየር ላይ አይቀመጥም። ወደ ላይ እንደግ እያሉ ነዋሪውን ወደ ዳር መላክ ከተማይቱን ወደ ጎን ማስፋት እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስሌት እንመልከት። በዚያው አንድ ሺህ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ግማሹን ለግቢ፥ ለልጆች መጫወቻና ለዛፍ ትተን በቀረው 500 ካሬ ሜትር ላይ አሳንሰር የማያስፈልገው፥ ከምድር ቤቱ ጋር አምስት ደርብ የሆነ መኖሪያ እንሥራ። ጠቅላላው የወለል ስፋት 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ለደረጃና ለመተላለፊያ 500 ብንቀንስ 2,000 ይቀራል፤ ይህም እያንዳንዳቸው 40 ካሬ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ቤቶች ይወጡታል። የቀድሞዎቹ 20 አባወራዎች ወደ ቦታቸው ተመልሰው ለ30 ተጨማሪ ቤተሰብ ቤት ተገኘ ማለት ነው። ይህን ለማስላት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ጥግግት ብለን የምንደግፈው እንዲህ ያለውን ነው።

ይህን ስንል አሮጌውን ሰፈር ለማወደስ አይደለም። ጭቃ ቤቱ ያፈሳል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ በበር ይገባል፤ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ የለም። በጋራ ሽንት ቤት ወረፋ እየጠበቀ ያደገ ሰው «ባህላችን ነው» የሚለው ጨዋታ አይጥመውም። ነገር ግን ሰፈሩ እንዴት እንዲህ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ከ1967 ዓ.ም. በፊት አብዛኛው የከተማው ነዋሪ የጥቂት ባለርስቶች ተከራይ ነበር። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ የትንንሾቹም ቤቶች ኪራይ ተቀነሰ። ድኻው ከባለርስት ተላቀቀ። ይሁን እንጂ ኪራዩ በጥቂት ብር ተወስኖ ለዐሥርት ዓመታት ሲቆይ ቀበሌው የሚጠግንበት ገንዘብ አጣ፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ምስማር ለመምታት እንኳ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ቤቱ ያረጀው ነዋሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ማን ይጠግነው የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ስለቀረ ነው። ያላደሰው አካል ዛሬ ዕርጅናውን ለማፍረሻ ምክንያት ሲያደርገው ዝም ብለን ማለፍ የለብንም።

ሦስተኛው ነጥብ፥ ማለትም ወደ ዳር የሚዛወረው ሰው ይጠቀማል የሚለው፥ የቤትን ነገር በግድግዳና በጣራ ብቻ የሚለካ ነው። ለሠራተኛ ቤተሰብ ቤት ማለት የእንጀራው ቦታ ነው። በጉልት ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ገበያዋ የሰፈሯ ሰው ነው። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ፥ ልብስ የምታጥብ፥ ከሰው ቤት ተመላላሽ የምትሠራ ሴት ሥራዋ በእግር የሚደረስበት ነው። ከከተማይቱ ዳር ሲያስቀምጧት የሚጠብቃት ንጹሕ ግድግዳና የሌለ ገበያ ነው፤ ለሥራ መመለስ ብትሻም የቀን ገቢዋን ታክሲ ይካፈላታል። እድሩም ይበተናል። እድር ድንኳንና ወንበር ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲሞት የሚቀብር፥ ሲታመም የሚጠይቅ፥ የድኻው መድን ነው። በአዲስ ቦታ እንደገና ይቋቋማል ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፥ ይቋቋማል፤ ለዓመታት የተዋጣው መዋጮና የተገነባው መተማመን ግን አብሮ በመኪና አይጫንም።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች፥ ሁላችንም ኮንዶሚኒየም የምንላቸው፥ ትልቅ ትምህርት ሰጥተውናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረ ወዲህ ይህ ሥራ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ቤቶችን አቁሟል፤ ይህን ማቃለል ግፍ ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው በእነዚያ ደረጃዎች ላይ ነው። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ሲደረግ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መመዝገቡም የቤት ረኀቡን መጠን ያሳያል። ነገር ግን አብዛኞቹ ታላላቅ ሳይቶች እንደ ጀሞ፥ እንደ የካ አባዶ፥ እንደ ኮዬ ፈጬ ያሉት ከከተማይቱ ዳር ናቸው። በ20/80ው ደንብ ቅድሚያውን 20 በመቶ ቢያገኝ እንኳ ወርኃዊውን የባንክ ዕዳ መክፈል ያቃተው ባለዕጣ ቤቱን አከራይቶ ራሱ በርካሽ ጎጆ የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። ለድኻ የተሠራው ቤት ለመካከለኛ ኑሮ ላለው ኪራይ ቤት ሆነ ማለት ነው። በሌላ በኩል በልደታና በጎተራ የቆሙት የጋራ ቤቶች አንድ ነገር አስመስክረዋል፤ መኖሪያ በመካከለኛው ከተማ ሊሠራ እንደሚችል። «አይቻልም» የሚል ሰው በታክሲ ሄዶ ይያቸው።

በቅርቡም በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፥ ቀጥሎ በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ስም ብዙ ቤት ሲፈርስ አይተናል። መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ ተሠርቷል፤ ማታ መብራት አለ። ከቤተ መጻሕፍት አምሽቶ በእግሩ የሚገባ ተማሪ የመብራትን ጥቅም አይክድም። ዳሩ ግን በዚያ መንገድ ዳር ይኖር የነበረው ሰው በመብራቱ እንዲሄድበት የሚያስችለው ነገር ካልተደረገ መንገዱ ለማን ሰፋ? ብለን መጠየቅ ግዴታችን ነው።

ለመሆኑ እኛ ተማሪዎችና መምህራን በዚህ ነገር ምን አገባን? የሚል አይጠፋም። ያገባናል። ከግቢ ውጭ የሚኖሩት ጓደኞቻችን በየሰፈሩ ጓሮ ያለችውን የደባል ክፍል የሚከራዩ ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ የቀበሌ ተከራዩ ምትክ ቢሰጠው እንኳ ወረቀት የሌለው ደባል አንድም የሚጠይቀው የለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር ዐዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል፤ መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን የሚከራይ ክፍል ራሱ ከጠፋ ሕጉ ምን ይከላከላል? መምህሮቻችንም በደመወዛቸው ከግቢው አጠገብ ቤት ማግኘት ተስኗቸው ከከተማይቱ ዳር ተነሥተው ለሁለት ሰዓቱ ክፍል ሌሊት ይወጣሉ። እንግዲህ በመካከለኛው ከተማ ብዙ መኖሪያ ቢሠራ ከሚጠቀሙት ግንባር ቀደሞቹ እኛ ነን። የሕንፃ ጠላቶች አይደለንም፤ ሰው የማያድርበትን ሕንፃ «የቤት መፍትሔ» ብሎ መጥራትን ነው የምንቃወመው።

ዕጩው ከተማው ገንዘብ ስለሌለው ሥራው በባለሀብት እጅ ብቻ ሊሆን ይችላል ብለዋል። ለዚህ የሌላ ከተማ ምክር ቤት ታሪክ መልስ ይሰጣል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና በረኀብና በቤት እጦት ተጨንቃ ነበር። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1923 የቤት መሥሪያ ግብር ደነገገ፤ ግብሩ በትንሹ ቤት ላይ ቀላል፥ በቅንጦት ቤት ላይ ከባድ ነበር። በተገኘው ገንዘብ እ.ኤ.አ. እስከ 1934 ድረስ ከ60,000 በላይ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። ከነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1930 የተመረቀው ካርል ማርክስ ሆፍ 1,382 ቤቶች ነበሩት፤ በግቢው ውስጥ የልብስ ማጠቢያ፥ መታጠቢያ ቤት፥ መዋዕለ ሕፃናትና ቤተ መጻሕፍት ነበሩ፤ ከመሬቱም አብዛኛው ለግቢና ለአትክልት ተተወ። ቪየና ሀብታም ሆና አይደለም የሠራችው። ደግሞም መሬቱን መግዛት ነበረባት። የእኛ ሕገ መንግሥት ግን የከተማም ሆነ የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። መሬቱ የሕዝብ ከሆነ ከሊዝ የሚገኘው ገንዘብም የሕዝብ ነው። ሕዝቡ በገዛ መሬቱ ላይ ቤት ለመሥራት ገንዘብ የለም ሲባል፥ ከዚያው መሬት የተገኘው የሊዝ ገቢ የት እንደ ዋለ መጠየቁ ነውር አይደለም።

ስለዚህ ለዕጩውም ሆነ ለተወዳዳሪዎቻቸው የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች እናቀርባለን።

አንደኛ፥ አንድ ሰፈር እንዲፈርስ ድምፅ ከመስጠትዎ በፊት በዚያ ስንት ሰው እንደሚኖር፥ ከሥራው በኋላም ስንት ሰው እንደሚኖር ተቆጥሮ እንዲቀርብልዎ ይጠይቃሉ? ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ካነሰ ፕላኑን ይቃወማሉ?

ሁለተኛ፥ ነዋሪው ወደ ሰፈሩ የመመለስ መብት እንዲኖረው ይሠራሉ? ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሚነሣ በተራ በተራ ቢሠራ፥ የመጀመሪያው ሕንፃ ሲያልቅ የሚቀጥለው ግቢ ሰዎች ቢገቡበት፥ ማንም ከተማውን ለቅቆ መሄድ አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፥ የቀበሌ ቤት ውል የሌለው ደባልና ተከራይ በቆጠራው ውስጥ ይገባል? ወይስ እንደ ዕቃ ከቤቱ ጋር ይቆጠራል?

አራተኛ፥ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ተለጥፎ፥ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ፥ ነዋሪው ተሰብስቦ የሚናገርበት በቂ ጊዜ እንዲሰጠው ያደርጋሉ? ሰው ስለ ቤቱ መፍረስ በግድግዳው ላይ በተጻፈ ቀይ ምልክት መስማት የለበትም።

ዕጩው ከንግግራቸው መጨረሻ ላይ የመካከለኛው ከተማ ጉስቁልና በእንግዳ ፊት የሚያሳፍር ነው ብለው ነበር። በዚህ ቃል ላይ ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች መልስ ሰጥተውበታል። በ1958 ዓ.ም. ለማኞችና ችግረኞች ከከተማይቱ መንገድ ተሰብስበው ሾላ በተባለ ቦታ በመታጎራቸው የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። ጥያቄያቸው ዛሬም አላረጀም። ድኻን ከዐይን ማራቅና ድህነትን ማጥፋት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በአንድ ወር ያልቃል፤ ሁለተኛው ብዙ ዓመት፥ ብዙ ገንዘብና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ምክር ቤት የምንልከው ሰው ሁለቱን የማይቀላቅል መሆን አለበት።

በእኛም በኩል ሥራ አለብን። መቃወም ብቻውን ቤት አይሠራም። የሥነ ሕንፃና የከተማ ፕላን፥ የጂኦግራፊ፥ የሶሺዮሎጂና የሕግ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ሆነው ከግቢያችን አጠገብ ባለ አንድ ሰፈር እየዞሩ በእያንዳንዱ ግቢ ስንት አባወራ፥ ስንት ደባል፥ ስንት ማድ ቤት እንዳለ ቢቆጥሩ፥ ነዋሪውም ምን ዐይነት ቤት እንደሚፈልግ ቢጠይቁ፥ ለማንኛውም ዕጩ የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል። ከላይ በምሳሌ ያስቀመጥነው ስሌት ምሳሌ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ በእውነተኛ ግቢ ላይ በእውነተኛ ቁጥር ይሠራ። በዚህ ሥራ ለመሳተፍ የሚፈልግ ተማሪ እስከ ዓርብ ድረስ ስሙን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ፤ መምህራንም ምክራቸውን እንዳይነፍጉን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አራቱን ጥያቄዎች በጽሑፍ ለዕጩው ልከናል። ወደ አዳራሻችን መጥተው ከእኛ ጋር መከራከራቸው የሚመሰገን ነው፤ ሳይመጡ ከቀሩት ይልቅ እናከብራቸዋለን። መልሳቸው በደረሰን ጊዜ ከእኛ ሐሳብ ጋር ቢስማማም ባይስማማም አንድ ቃል ሳንቀንስ በዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን። ካልደረሰንም ቦታውን ባዶ ትተን እናትማለን፤ አንባቢ ይፍረድ።